ሞተሩ ሲንተፋተፍ

መጋቢው ባለቤቴ ወደ ገጠር አጥቢያዎች የሚመላለሰው በሞተር ሳይክል ነው። ከአባይ በረሃ ሽቅብ ወደ መካነ ሰላም ሲወጣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ሰው ሁሉ ቤንዚኑን ይከሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቤንዚኑ አይደለም፤ ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይይዛል።

ባለ ካርቡራተር ትንንሽ አውሮፕላኖችንም ይኸው ያገኛቸዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 እ.ኤ.አ. በረራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖችም ካርቡራተር ነበራቸው። አብራሪው ግን ነዳጁን የሚቀንስበት መቆጣጠሪያ ከፊቱ አለ፤ የእኛው ሰው ጋራዥ መሄድ አለበት!

እኔን ያስገረመኝ የበረዶው ነገር ነው። ቤንዚን ሲተን ስለሚያቀዘቅዝ፣ በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በክረምት እርጥብ ደመና ውስጥ፣ ውጭው 15 ዲግሪ ሆኖ ሳለ፣ ጉሮሮው በረዶ ይይዛል፤ ሞተሩም ይታፈናል። በተለይ ለማረፍ ጉልበት ተቀንሶ ሲወረድ ያሰጋል።

መድኃኒቱ በጭስ ማውጫው የሞቀ አየር ማስገባት ነው። ታዲያ ልብ በሉ፤ በረዶው ቀልጦ ውሃው ወደ ሞተሩ ሲገባ መንተፋተፉ መጀመሪያ ይብሳል። ያልለመደ አብራሪ ደንግጦ ማሞቂያውን ይዘጋል። የሠለጠነው ግን ሙሉ በሙሉ እንደከፈተ ይታገሣል፤ ሞተሩም ቀስ በቀስ ይስተካከላል።

ባይስተካከልስ? መሬት ላይ ሁለቱ ማግኔቶዎች በየተራ ይሞከራሉ። በአንዱ ብቻ ሲሠራ ከተንተፋተፈ፣ መታየት ያለበት ካርቡራተሩ ሳይሆን ያ ማግኔቶና ካንዴላዎቹ ናቸው።