መስቀልን ዘንገና አፋፍ ላይ

ዘንድሮ መስቀልን የዋልኩት አክስቴ ዘንድ ነው። ቤቷ ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ ነው፤ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው መንገድ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁት አንድ ቀን ብቅ በሉ።

የዛ አገር ጥቢ ሌላ ነው። ዝናቡ ለቆ ሰማዩ ታጥቧል። አደይ አበባ ድንበሩን ሁሉ ቢጫ አድርጎታል። ጠዋት ጉሙ ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ በር ላይ ቁጭ እላለሁ። አክስቴ ትኩስ ድንች ከነልጣጩ ታመጣልኛለች። "ብላ ልጄ፣ ከስተሃል" ትላለች። ሁሌም ከስቻለሁ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ጂኦግራፊ ሳስተምር የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ምሳሌዬ ዘንገና ነበር። በፍንዳታ የተፈጠረ ጎድጓዳ፣ ከዳር ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር። ከአገራችን ሐይቆች በጥልቀት ከሻላ ቀጥሎ ይጠቀሳል። ይህን ሁሉ ሳስተምራችሁ ግን አንድ ነገር ነግሬያችሁ አላውቅም። ዲፕሎማዬን የያዝኩት በዚሁ ሐይቅ አፋፍ ላይ በተከሰለ ከሰል ነው።

አክስቴ ዲከረንስ የተከለችው ያኔ ጎረቤቶቿ ሁሉ ሲተክሉ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው ግን የኛን አፈር ወደደው። የመጀመሪያውን አመት በመሃሉ ገብስ ትዘራለህ፣ ከዛ ሳሩን ለከብት ታጭዳለህ፣ በአራት በአምስት አመቱ ቆርጠህ ታከስላለህ። ከሰሉ በማዳበሪያ ታስሮ በአይሱዙ ወደ ባህር ዳርና አዲስ አበባ ይሄዳል። በዚህ ዛፍ ስንቱ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፣ ስንቱ ልጁን አስተማረ።

አሁንስ? ከዳንግላ ስመጣ አዲስ ቅዳምን አልፌ እስከ እንጅባራ በመኪናው መስኮት እያየሁ ነበር። ከጥቂት አመታት ወዲህ ቅጠሉን እንደ ዝገት የሚያለብስ በሽታ ገብቶበት፣ ያ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ቦታ ቦታው ላይ ደርቆ ቆሟል። የአክስቴም ደርቋል።

እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለበዓል ብቻ አልነበረም። "ናና ምከረው፣ ትምህርት በቃኝ ብሎኛል" ብላ ደውላልኝ ነው። የመጨረሻ ልጇ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል የሚገባ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሊወርድ ተነጋግሯል።

በበዓሉ ማግስት አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ይዤው ወረድኩ። ሰልፍ ላይ የምናገረውን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ገና ሳልጀምር፣

"ጋሼ፣ ደሞዝህ ስንት ነው?" አለኝ።

ነገርኩት።

"ስንት አመት አገለገልክ?"

"አስራ ሶስት።"

ድንጋይ አንስቶ ውሃው ላይ ወረወረ። ከዛ ሰሊጥ በቀን ስንት እንደሚያስገኝ፣ በሁለት ወር ስንት እንደሚሆን አሰላልኝ። ስሌቱ ላይ ስህተት አላገኘሁበትም። ንግግሬ እዛው ቀረ።

ሌላ የምለው ስላልነበረኝ የራሴን ነገርኩት። ኮሌጅ ሁለተኛ አመት ልገባ ስል እኔም በዚሁ ወቅት "በቃኝ" ብዬ መጥቼ ነበር። እናቱ ያኔ ከሰል ላይ ነበረች፣ ፊቷ ጠቁሮ። አልተቆጣችኝም፣ አልመከረችኝምም። "እንግዲያው አብረኸኝ እደር" አለችኝ። ሶስት ሌሊት የከሰሉን ክምር ስንጠብቅ አደርን። እሳቱ አፈሩን በስቶ ከወጣ የአምስት አመት ድካም አመድ ነው፤ እየዞርክ ጭሱ የሚያፈተልክበትን ቀዳዳ በአፈር ትደፍናለህ፣ መተኛት የለም። ከሰሉ ተሽጦ ብሩን እጄ ላይ ስታስቀምጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ "ይሄን አመድ እንዳታደርገው።"

ልጁ ይሄን አያውቅም ነበር። ዝም ብሎ ቆየና፣

"ላንተ ዛፍ ነበረ ጋሼ። ለኔ የለም" አለኝ።

ወዳጆቼ፣ ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ላይ ምክሩን ትቼ "ዳንግላ እኔ ጋ ና" አልኩት። ያለችኝ አንድ ክፍል ቤት ናት፤ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ሽሮውን ተካፍለን እንበላለን። "አስብበታለሁ" አለኝ። የአክስቴን ድንች ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ።

ይኸው እየጠበቅኩት ነው። እስካሁን አልደወለም።

ይህን የጻፍኩት ግን በእሱ ምክንያት ሌላ ነገር ስለገባኝ ነው። ባለፉት አመታት ስንቶቻችሁን ስም ስጠራ ስታጡብኝ "ቀሪ" ብዬ ጽፌ አልፌያለሁ። ለምን እንደቀራችሁ፣ ቤታችሁ ምን እንደደረቀ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ምዝገባ አልተዘጋም። መመለስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ወይም አቋርጦ የቀረ ጓደኛ የምታውቁ፣ ደውሉልኝ። ብዙ ገንዘብ የለኝም፤ ግን ሄጄ በር አንኳኳለሁ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።