ርካሽ ማለት ምን ማለት ነው?

«ርካሽ» የሚለው ቃል በገበያ ዘወትር ይሰማል፤ ትርጉሙ ግን እንደየሰው ይለያያል። ለሻጩ ቶሎ የሚሸጥለት ዕቃ ነው፤ ለገዢው ጥቂት ገንዘብ የሚያስወጣው ዕቃ ነው፤ በዕቃው ለሚገለገለው ሰው ግን ሳይጎዳው ብዙ ዘመን የሚያገለግለው ነው። በጉራጌ ምድር ያደገ ልጅ የንግድ ወሬ እየሰማ ስለሚያድግ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። እኔም የልዩነቱን ክብደት በዚህ ዓመት አንድ ቀላል በሚመስል ሥራ ላይ፣ ይኸውም የወለል ምንጣፍ በመምረጥ ላይ ስላየሁት፣ ለክቡራን መምህራኖቼ፣ ለወላጆችና ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ልጽፈው ተነሣሁ።

በቡታጅራ ከተማ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ቴኳንዶ የምንማርበት አንድ አዳራሽ አለ። ተማሪዎቹ 40 ያህል ነን፤ ከሁላችን የሚያንሰው 8 ዓመቱ ነው። ማስተራችን ከእግር ምት ሌላ ሰውን መጣልንና ራስን ሳይጎዱ መውደቅንም ያስተምሩናል። የአዳራሹ ወለል ግን ባዶ ሲሚንቶ ነበር። በጥቅምት ወር አንድ ጓደኛችን ወደ ኋላ ሲወድቅ በእጁ ስለተደገፈ የእጁ አንጓ ተሰበረ። በማግሥቱ የአንዲት ትንሽ ተማሪ እናት መጥተው «ማስተር፣ ልጄ ስትወድቅ የምትወድቀው ምን ላይ ነው?» ብለው ጠየቁ። ማስተርም ወለሉን አሳዩአቸው። እናትየው ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «እንግዲያው ምንጣፍ እስኪገኝ ልጄ እቤት ትቆይ» ብለው እጅዋን ይዘው ሄዱ። በዚያው ሳምንት ሌሎች አምስት ወላጆች እንዲሁ አደረጉ። ትምህርቱን ካቋረጡት ስድስት ልጆች አራቱ ሴቶች ነበሩ።

በአገራችን ስለ ስፖርት ሲነገር ወለል እምብዛም አይታሰብም፤ ምክንያቱም የታወቅንበት ስፖርት ሩጫ ነው። የጉራጌ ልጅ ሰለሞን ባረጋ ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በዚያው ኦሊምፒክ ሰለሞን ቱፋ በቴኳንዶ አገራችንን ወክሎ ተወዳድሯል። ስማቸው አንድ ነው፤ የሚከተሏቸው ልጆች ጅማሬ ግን አንድ አይደለም። ሯጭ ለመሆን የሚመኝ ልጅ ፈጣሪ በሰጠው ሜዳና ዳገት ላይ ያለ ገንዘብ ይጀምራል። ቴኳንዶ የሚማር ልጅ ግን ከደንብ ልብሱ በፊት ከእግሩ በታች የሚነጠፍ ነገር ያስፈልገዋል።

ገንዘቡ የተገኘው በእቁብ ነው። 29 ወላጆች የሳምንት እቁብ ጀመሩ፤ ክለባችንም 30ኛ አባል ሆኖ ገባ። አባላቱ ከዳኛው ጋር ተመካክረው የመጀመሪያውን ዕጣ ለክለቡ ለቀቁለት፤ ክለቡም ከተማሪዎች ወርኃዊ ክፍያ እየቆጠበ ድርሻውን በየሳምንቱ እስከ መጨረሻው ሊጥል ቃል ገባ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ይሁን እንጂ የእቁብ ገንዘብ የጎረቤት እምነት ነው። ምንጣፉ ከዕዳው ቀድሞ ቢያልቅ፣ ወይም ተነጥፎ ሳለ ሌላ ልጅ ቢሰበርበት፣ ያን እምነት ሁለተኛ ማግኘት አይቻልም። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ልዩ ልዩ ምንጣፎችን መርምረን እንድናቀርብ የታዘዝነው በዚህ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የታሰበው ጅባ ነበር። ጅባ ከእንሰት ተሠርቶ በየቤታችን የምንቀመጥበትና የምንተኛበት ምንጣፍ ነው። ቆጮና ቃጫ የሚሰጠን እንሰት ይህንም ጨምሮ ይሰጠናል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። በሲሚንቶው ላይ ዘርግተን ስንሞክረው ግን ሲዞሩበት ይንሸራተታል፤ የእግር ጣትም በጠርዙ ይያዛል። ሲወድቁበት የወለሉን ቅዝቃዜ እንጂ ጥንካሬውን አይከለክልም። ጅባ የተሠራው ለሚያርፍ ሰው ነው።

ሁለተኛው የፍራሽ ስፖንጅ ነበር። ስፖንጅ ለእጅ እጅግ ይለሰልሳል፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። በአንድ እግር ቆሞ ለመምታት የሚዞር ልጅ ግን እግሩ ወደ ውስጥ ስለሚሰምጥ ቁርጭምጭሚቱ ሊጠመዘዝ ይችላል። ከባድ ሰው ሲወድቅበት ደግሞ ስፖንጁ ፈጽሞ ተጨፍልቆ ሰውየው ከሲሚንቶው ጋር ይገናኛል።

ሦስተኛው ሰጋቱራ ነው። በእንጨት ፍሬም ውስጥ ሰጋቱራ ጠቅጥቆ በላዩ ሸራ ወጥሮ ማሰር በልዩ ልዩ አገር ገንዘብ ያነሳቸው ክለቦች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ሰጋቱራውን ከአናጢዎች በጥቂት ገንዘብ ማግኘት ይቻላል። የራሱ ቤት ላለው ክለብ ይህን እኔም እመክራለሁ፤ እርጥበት እንዳይገባውና ሸራው እንዳይላላ መጠበቅ ብቻ ነው። የእኛ አዳራሽ ግን ለስብሰባም ለሰርግም ስለሚፈለግ በየጊዜው የሚነሣ ምንጣፍ ያስፈልገን ነበር።

ስለዚህ አራተኛው ቀረ። እርሱም ኢቫ ከሚባለው ፎም የሚሠራ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ በጠርዙ እንደ ጥርስ እርስ በርሱ የሚያያዝ ምንጣፍ ነው። 2 ሳንቲሜትርም 4 ሳንቲሜትርም ውፍረት ያለው ይገኛል። ማስተር በወልቂጤ የሚያውቁት አሠልጣኝ ስለነበረ አንድ ቅዳሜ ከጉራጌ ተራሮች ማዶ ተሻግረን ሄድን። በዚያ ስስ የሆነው 2 ሳንቲሜትር ምንጣፍ መላውን ወለል ሸፍኖ አየን። ለእግር ምትና ለሩጫ በጣም ጥሩ ነው። አሠልጣኙ ግን ተማሪዎቻቸውን በላዩ እንደማያጥሉ በግልጽ ነገሩን።

ምክንያቱን ከፊዚክስ ትምህርታችን ማግኘት ይቻላል። ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ አካል በ1 ሳንቲሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ የሚያርፍበት ኃይል በአማካይ የክብደቱን 100 እጥፍ ያህል ይሆናል። በ2 ሳንቲሜትር ቢቆም 50 እጥፍ፣ በ3 ሳንቲሜትር ቢቆም ደግሞ 33 እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ምንጣፍ ስንገዛ የምንገዛው ይህን የመቆሚያ ርቀት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ በኮሚቴው ፊት ክርክር ተነሣ። አዳራሹ 12 ሜትር በ9 ሜትር ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን 108 ምንጣፍ ይፈልጋል። አንዳንዶቹ ስሱን ገዝተን ወለሉን በሙሉ እንሸፍን፣ ወላጆችም ሲያዩት ደስ ይላቸዋል አሉ። እኛ ግን 6 ሜትር በ6 ሜትር የሚሆን ቦታ ብቻ በወፍራሙ እንሸፍን አልን፤ ይህም 36 ምንጣፍ ነው። ወፍራሙ ውፍረቱ እጥፍ ስለሆነ 36ቱ የያዙት ፎም ከ72 ስስ ምንጣፍ ጋር እኩል ነው፤ ከ108ቱም በአንድ ሦስተኛ ያንሳል። ምቱንና ሰውነት ማሟሟቂያውን እንደ ልማዳችን በቀረው ወለል ላይ መሥራት ይቻላል፤ መውደቅ ግን ያለ ወፍራም ምንጣፍ አይቻልም። በነጋዴነት የኖረው አባቴም «ልጄ፣ የዕቃ ዋጋ መጀመሪያ ስትገዛው የከፈልከው ብቻ አይደለም፤ ተበላሽቶ ሁለተኛ ስትገዛው የምትከፍለውም ይደመርበታል» አለኝ። ይህንኑ ቃል በስብሰባው ላይ ተናገርሁት፤ ኮሚቴውም ወፍራሙን መረጠ።

በጠባብ ቦታ መጀመር ነውር እንዳልሆነ የጃፓን ታሪክ ያስረዳል። ካኖ ጂጎሮ በ1874 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882) በቶኪዮ በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ ጁዶን ማስተማር ሲጀምር የነበረው ወለል 12 ታታሚ ብቻ የሚነጠፍበት ነበር። ታታሚ ከሩዝ ጭድ ተጠቅጥቆ ቄጠማ በሚመስል ሣር የሚሸፈን የአገራቸው ምንጣፍ ነው። አንዱ ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 90 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ ጠቅላላው 20 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያች ክፍል የተነሣው ጁዶ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ገባ፤ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው በዚያው ኦሊምፒክ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለምን? የእኛ 36 ካሬ ሜትር ከካኖ ወለል ይበልጣል።

ምንጣፉን የሚገዛ ሰው ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ውፍረቱን ሻጩ በነገረው ብቻ ሳይወሰን በማስመሪያ ይለካው። በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ይልቀቀው፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ፎሙ ደካማ ነው። ስፋታቸውና ውፍረታቸው እኩል ከሆኑት ሁለት ምንጣፎች ከበድ የሚለውን ቢመርጥ ይሻላል። ጥርሶቹንም ገጣጥሞ ይሞክራቸው፤ በልምምድ መካከል የሚላቀቅ ምንጣፍ ጣት ይይዛልና። ከተገዛ በኋላ ደግሞ እግርን ሳይታጠቡ መርገጥ ይቅር፤ ጭርት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በዚህ ነው። ሲታጠብም በጥላ ይድረቅ፤ ብርቱ ፀሐይ ፎሙን ያደርቀዋል።

እኔ ይህን በምጽፍበት ጊዜ ክለቡ ለእቁቡ የሚጥለው ገና 11 ሳምንት ቀርቶታል፤ ምንጣፎቹ ግን እንደ አዲስ ናቸው። ካቋረጡት ስድስት ልጆች አምስቱ ተመልሰዋል፤ አንዲቱ እስካሁን አልመጣችም። ጅባውም አልተጣለም፤ በግድግዳው ሥር ተዘርግቶ ተራ የሚጠብቁት ልጆችና ሊያዩ የሚመጡት ወላጆች ይቀመጡበታል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ነገ ከእናንተ መካከል ለክለብ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቀበሌ ዕቃ እንዲገዛ የሚታዘዝ ይኖራል። በዚያን ጊዜ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት በዕቃው የሚገለገለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ምንጣፍ ሲሆን የሚመዘነው በጎበዙ ተማሪ አይደለም፤ ጎበዙ መውደቅን ያውቅበታል። ገና አወዳደቅ ያልተማረው የ8 ዓመት ልጅ በደኅና ተነሥቶ እንደገና የሚቆምበት ምንጣፍ፣ እርሱ ርካሽ ነው።