ከ2 ዶላር ጠረጴዛ ወደ 5 ዶላር፦ የኛ የፖከር ሕግ

ጅቡቲ ከተማ ከቀትር በኋላ ሱቅ ይዘጋል። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ገሚሱ ይተኛል፣ ገሚሱ ይቅማል፣ እኛ አራት አምስት የምንሆን ነጋዴዎች ደግሞ በስልካችን ፖከር እንጫወታለን። «ቁማር ነው» የሚሉን አሉ፤ አልተሳሳቱም። ቁማር ስለሆነም ነው ሕግ ያወጣንለት።

በትንሹ ጠረጴዛ አንድ ሰው ይዞ የሚቀመጠው 2 ዶላር ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ላይ ስለቆመ ሒሳቡ አያስቸግርም፤ 355 ፍራንክ ገደማ። ቀጣዩ 5 ዶላር፣ 889 ፍራንክ፤ ከዚያ 10 ዶላር፣ 1,777 ፍራንክ። ሁልጊዜ በፍራንክ እናስባለን፤ በሳንቲም ሲጠራ ሁሉም ትንሽ ይመስላል።

አንደኛው ሕግ፦ የዕቃ ገንዘብና የፖከር ገንዘብ አይገናኙም። ለትራንዚተር፣ ለጭነት መኪና፣ ለቤት ኪራይ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ላለው ቤተሰብ የሚሆነው አይነካም።

ሁለተኛው፦ ወደ 5 ዶላሩ ለመውጣት የ30 ጊዜ መግቢያ፣ ማለትም 150 ዶላር ያስፈልጋል፤ ያውም ከጨዋታው የተገኘ። 100 ዶላር ላይ ከወረደ ያለ ክርክር ወደ 2 ዶላሩ መመለስ ነው። አሥር ካርቶን ልብስ የሸጠ ሰው በማግሥቱ ኮንቴይነር አያዝም። አሜሪካዊው ክሪስ ፈርጉሰን ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከባዶ ተነስቶ 10,000 ዶላር ሲደርስ፣ ከጠቅላላ ገንዘቡ ከ5 በመቶ በላይ ይዞ ጠረጴዛ ላይ አለመቀመጥን ሕግ አድርጎ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው እንኳ ከዓመት በላይ ፈጅቶበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ጨዋታውም ይለወጣል። 2 ዶላሩ ላይ ሰው ደካማ ካርታ ይዞ እስከ መጨረሻ ይከተላል፤ ማስፈራራት ዋጋ የለውም፣ ጥሩ ካርታ ጠብቆ ደህና ማስያዝ ይበቃል። ከፍ ሲል ግን ተጫዋቹ ጥሎ መውጣት ያውቃል፣ መልሶም ይጨምርብናል። ያኔ ስሌት ይመጣል። መሐል 60 ሳንቲም አለ እንበል፤ ሰውየው 30 ጨመረ። 30 ከፍለን 120 ልንወስድ ነውና ከአራት አንዴ ማሸነፍ አለብን። አንድ ዓይነት አራት ካርታ ይዘን አምስተኛውን የምንጠብቅ ከሆነ፣ ካላየናቸው 46 ካርታዎች የሚበጁን 9 ብቻ ናቸው፤ ከአምስት አንዴ እንኳ አይሞላም። ካርታው ቢመጣም ተጨማሪ የማይከፍለን ሰው ከሆነ መጣል ነው።

ኮሚሽኑም አይረሳ። ድረ ገጹ ከየጨዋታው ይቆርጣል፤ ስለዚህ እኩል የሚችሉ ሰዎች ሲጫወቱ ሁሉም ይከስራሉ። በትንሹ ብልጫ ማሸነፍ አይበቃም።

ሦስተኛው ሕግ ከሁሉም የከበደ ነው፦ ዕቃ ወደብ ላይ በተያዘ ቀን አይጫወትም። የመጋዘን ክፍያ በየቀኑ እየቆጠረ «ዛሬ አንድ ደረጃ ከፍ ብዬ ልመልሰው» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያን ቀን ነው። በዚያ ቀን የሚጫወተው ሰው ካርታውን ሳይሆን ዕዳውን ነው የሚያየው።

ከመሐላችን የተሻለች ተጫዋች አንዲት እህታችን ናት። ምሥጢሯ ደብተሯ ነው፤ ቀን፣ ጠረጴዛ፣ ገቢ፣ ወጪ። ደብተሩንም ባለቤቷ ያየዋል። አሁን ሁላችንም ይህንኑ ይዘናል፤ ቤት ውስጥ ማሳየት የሚያሳፍር ቁጥር ያለበት ሰው፣ ደረጃ መውጣቱ ይቅርና ጨዋታውን ያቆማል።