የሰኞው ዳገት

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ወንድሜ ዛሬም ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ዳገቱን ወጣ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው የኪራይ ቤታችን በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል የሚቀመጥባት ድንጋይ አለች። ሰኞ ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ እዚያ ሆኖ ከአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በስልክ ይነጋገራል። በቪዲዮ ነበር የጀመሩት፤ ፓኬጁን እየበላ ሲያስቸግር በድምፅ ብቻ አደረጉት። ኔትወርክ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ፤ ቤትም አለ። ቤት ግን አንድ ክፍል ነው። እማዬ አለች፣ እኔ አለሁ፣ ከቺፑዱ ወዲያ አከራያችን አሉ። ስለ አረቄው፣ ስለ እፍረቱ የትኛውን በር ዘግቶ ያውራ?

ኅዳር 12
ሚካኤል። ሰፈሩ ጥራጊውን ሲያቃጥል አርፍዶ ጢሱ እስከ ጉራራ ተኝቷል፤ በ1911 ከተማዋን የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ። የእኛ ጭንቅ ግን ጎረቤት የተጠራንበት ዝክር ነበር። «ውሰድ እንጂ ልጄ፤ የሚካኤል ጠላ እንዴት እንቢ ይባላል?» አሉት ጎረቤታችን። ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጥቂት ቆየና ለእኔ አቀብሎኝ ወጣ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ከደጃፍ የሚደውለው እሱ ነው። «እህቴ፣ ነይማ ውጪ።» ሐራራው ሲመጣ ብቻህን አትጋፈጠው፣ ለሰው ደውል ብላዋለች ባለሙያዋ። የፈረንሳይ ኤምባሲን አጥር ተከትለን እስኪያልፍለት ተራመድን። እጁ ላብ በላብ ነበር።

ኅዳር 16
እማዬ ከእንጦጦ ጸበል በሃይላንድ ይዛ መጣች። ወንድሜ የሚወስደውን ክኒን እንዲተው ትፈልጋለች። አቡነ ጳውሎስ በ1999 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን አስታወስኳት። ዝም አለች። ማታ ሃይላንዱን ከክኒኑ አጠገብ አስቀምጣው አየሁ።

ኅዳር 23
ስልክ ሁሉን አይችልም። ጥቅምት ላይ መጠጡን በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሌሊት የሌለ ሰው ያናግር ጀመር። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ሊያስነሳበት፣ ሊገድለውም ይችላል፤ ያኔ ሆስፒታል ተኝቶ ነው የተረፈው። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ ስንት ልጅ ላይ በር ዘግቶ «ይወጣለታል» ይል ይሆን? የስልኩ ሥራ ከዚያ ወዲህ ነው። ለብዙ ዘመን በአገሩ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር፤ የገጠር ሰው ለአንድ ቀጠሮ ስንት ቀን ይጓዝ እንደነበር ሳስብ የወንድሜ ድንጋይ ትልቅ ነገር ትሆንብኛለች።

ኅዳር 30
አመሻሽ ላይ ወንድሜ ነገረኝ። ድንጋይዋ ላይ ሆኖ በስልክ እያወራ አልቅሶ ኖሯል። ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ አንዲት እናት አይተውት ቆሙ። ምንም አልጠየቁትም። ሸክማቸውን አውርደው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት መንገዱ ዳር ተቀመጡ፤ ከኋላ የመጡትን ሴቶችም በእጃቸው በወዲያ በኩል እለፉ አሏቸው። እሱ ስልኩን እስኪዘጋ ድረስ ከዚያ አልተነሡም።