ከጎንደር ወደ ጎርጎራ፤ ሥራውን ይዞ ስለሚዞር ልጅ

ሰው ሥራውን ትቶ ወደ ባሕር ዳርቻ ቢወርድ ዕረፍት ይባላል፤ ሥራ ፍለጋ ባሕር ቢሻገር ደግሞ ስደት ይባላል። ሥራውን በትከሻው አንግቶ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚሄደውን ሰው ግን ምን ብለን እንጥራው? ይህ ጥያቄ በቤታችን ተነሥቶ ብዙ ቀን ስላከራከረን፥ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይጠቀሙበት እንደ ሆነ ብለን ነገሩን ከነሥፍራው ለመጻፍ ወደድን።

የታላቅ እኅታችን ልጅ በጎንደር ከተማ ተወልዶ በዚያው ያደገ የ27 ዓመት ወጣት ነው። ሥራው ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ ነው፤ ይኸውም ኮምፒውተሩ ሒሳብ እንዲያሰላ፥ የገበያ ዕቃ እንዲቈጥር፥ ደብዳቤ እንዲለይ በልዩ ቋንቋ ደንብ ማውጣት ማለት ነው። አሠሪዎቹ በአሜሪካ ስለሚኖሩ የእነርሱ ቀን ለእኛ ሌሊት ነው፤ ስለዚህም ሌሊት ይሠራል፥ ቀን ይተኛል። እኅታችንም ፀሓይ ወጥታ ሳለ ተኝቶ ስታየው «ልጄ ሥራ ፈት ሆነብኝ» እያለች ታዝን ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ይህ ልጅ በኬንያ ጠረፍ ወደምትገኘው ኪሊፊ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ፥ ከአንድ ጓደኛው ጋራ ለመኖር ማሰቡን ነገረን። ኪሊፊ ከሞምባሳ በስተ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ የሕንድ ውቅያኖስ ወደ ምድር ገብቶ እንደ ወንዝ በተኛበት አፋፍ ላይ ያለች ናት፤ ከማዶዋም ምናራኒ የሚባል የጥንት መስጊድ ፍራሽ ይታያል። ጓደኛው በላከለት መልእክት፥ የዚያ አገር ሰዎች በስዋሂሊ ሰዓት ሲቈጥሩ ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው አንድ ሰዓት፥ ሁለት ሰዓት እንደሚሉ ነግሮት ኖሮ «ጋሼ፥ ሰዓታቸው እንኳ የእኛው ነው፤ ሩቅ አገር አይምሰልዎ» አለን።

እኅታችን ግን አለቀሰች። ወደ እኛም ዘወር ብላ «አንተ የፍርድ ቤት ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረደኝ» አለች።

እኛ የዳኛን ቃል የምንጽፍ ነን እንጂ ዳኛ አይደለንም። ነገር ግን ከመዝገብ ጋራ ስለ ኖርን ማስረጃ ሳናይ መናገር አልለመድንም፤ በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛም ረድቶን የየአገሩን ሕግ መመርመር ጀመርን። ያገኘነውም ይህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሰውን ሁሉ በየቤቱ በዘጋ ጊዜ፥ ብዙ ሥራ ከመሥሪያ ቤት ውጭ ሊሠራ እንደሚችል ታወቀ። በዚያው ዓመት ኤስቶንያና ባርባዶስ ሥራቸውን ይዘው ለሚመጡ እንግዶች ልዩ ፈቃድ አወጡ። በ2013 ዓ.ም. የፖርቱጋል ግዛት በሆነችው በማዴራ ደሴት፥ ፖንታ ዶ ሶል በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ፥ ለእነዚህ ሰዎች መሰብሰቢያ የሚሆን መንደር ተቋቋመ። ኬንያም በ2017 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ፈቃድ በሕጓ አስገባች።

ይሁን እንጂ በሩ ለሁሉ እኩል አልተከፈተም። ፖርቱጋል አመልካቹ የአገሩን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ገቢ እንዲያስመሰክር ትጠይቃለች። ኬፕ ቬርድ አፍሪካዊት አገር ስትሆን ፈቃዷን የሰጠችው ለአውሮፓ፥ ለሰሜን አሜሪካ፥ ለፖርቱጋልኛ ተናጋሪ አገሮችና ለምዕራብ አፍሪካ ማኅበርተኞች ነው፤ ኢትዮጵያ በዚህ ውስጥ አትቈጠርም። ወደ ኬንያ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባል፤ ነገር ግን መግባት ሌላ፥ ተቀምጦ መሥራት ሌላ ነው፤ ለሁለተኛው የገቢ ማስረጃና ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጁ ይህን አልመረመረም ነበርና ስንነግረው ዝም አለ።

ለእኅታችንም በበኩሏ፥ ሥራን ይዞ መዞር በአገራችን አዲስ ነገር አለመሆኑን አስረዳናት። የቀደሙት ነገሥታት ድንኳናቸውን ተክለው እየነቀሉ፥ ዳኝነቱንም ግብሩንም ከሠፈር ወደ ሠፈር እያዞሩ ይኖሩ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ከጎርጎራ ወደ ደንቀዝ ተዘዋውረዋል፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ ነው መንግሥቱ በአንድ ሥፍራ ረግቶ የተቀመጠው። የጎንደር ነጋዴም ጭነቱን ይዞ ወደ ምጽዋ ባሕር ይወርድ ነበር። የቆሎ ተማሪውስ? ድጓውን ለመማር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕቱን ወደ ዙር አምባ፥ አቋቋሙን ወደ ጎንደር እያለ፥ ከአኩፋዳው በቀር ንብረት ሳይኖረው አገር ለአገር ይዞራል።

ይህን ስንላት እኅታችን ቀና ብላ አየችን። «እርሱን አታንሣብኝ» አለች። «አንተ ደበሎ ለብሰህ ለቅኔ ጎጃም በወረድህ ጊዜ እናታችንን ብቻዬን ቀበርኋት። የት እንዳለህ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔንስ ማን ይቅበረኝ?»

ይህ እውነት ነው። መርዶው የደረሰን አርባዋ ካለፈ በኋላ ነበር። መልስ ስላጣን ነገሩ በዚያ ቀን በዚሁ ተቋረጠ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ አሳብ መጣልን። የውጭውን ባሕር ማየት ባንችል የራሳችን ባሕር ቅርብ ነውና፥ ሦስታችን አብረን ለአራት ቀን ወደ ጎርጎራ ብንወርድ፥ ልጁ ከቤቱ ርቆ እንዴት እንደሚሠራ እናቱ በዓይኗ ታያለች ብለን መከርን። የመንገዱን ደኅንነት ጠይቀን ከተረዳን በኋላ ማለዳ ተነሣን። ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ፥ ከቆላ ድባ ወደ ጯሒት፥ ከዚያም ወደ ጎርጎራ ይወረዳል፤ መንገዱ ሁሉ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስትበልጥ ጣና 1,800 ሜትር ያህል ነውና፥ ቍልቍል በወረድን መጠን ብርዱ እየቀለለ ሄደ። የደምቢያ ሜዳ ጥቁር አፈሩ ሽምብራ አብቅሎ ነበር፤ እኅታችን እሸት ገዝታ በጕልበቷ ላይ እየፈለፈለች ለልጇ ሰጠችው።

ጎርጎራ በጣና ሰሜን ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ውኃው እስከ ሰማይ ጠርዝ ስለሚደርስ፥ አገሬው ሐይቅ ሳይል ባሕር ማለቱ ትክክል ነው። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች ቀረሶና አምባዛ ይዘው ይመለሳሉ። ደብረ ሲና ማርያም ገብተን በ17ኛው መቶ ዓመት የተሣሉትን የግድግዳ ሥዕሎች አየን። ፔሮ ፓይስ የተባለው እስፓኛዊ ካህን ለዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ያሠራውና በ1614 ዓ.ም. የሞተው በዚህ በጎርጎራ ነው። ዛሬም ገበታ ለሀገር ከተባሉት ሥራዎች አንዱ በዚሁ ዳርቻ የእንግዳ ማረፊያ ሆኖ ተሠርቷል። የሚያሳዝነው፥ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና የታየው እምቦጭ የሚባለው አረም የደምቢያን ዳርቻ ጭምር መውረሩ ነው።

እኛ ያረፍነው ከአንድ መጠነኛ ቤት ነበር። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ፤ የስልኩም መስመር ደከመ። ልጁ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የሚያደርሰው ሥራ ነበረበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ተነሥቶ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን አሠሪዎች ያጣው መልስ ባለመላኩ ነበርና፥ ፊቱ ተለወጠ። ኮምፒውተሩን አንሥቶ መስመር ፍለጋ ወደ ኮረብታው ወጣ። እናቱም ጋቢዋን ተከናንባ ባትሪ ይዛ ተከተለችው፤ እኛም ከኋላ ተከተልን።

ከኮረብታው ራስ ላይ ከድንጋይ ተቀምጦ፥ ስልኩን ከፍ ካለ ቋጥኝ ላይ አኑሮ ይጽፍ ጀመር። ነፋስ ከባሕሩ ይመጣል። መስመሩ አንድ ጊዜ ይሄዳል፥ አንድ ጊዜ ይቆማል፤ እርሱም ይመልሳል፥ ደግሞ ይጀምራል። እኅታችን ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችውና ብርሃኑን በእጇ ይዛ ሦስት ሰዓት ያህል ከአጠገቡ ቆመች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው «ሄደ» አለና ክዳኑን ዘጋ።

ስንወርድ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «መብራት ሲኖር ይቀላል፥ እማ» አላት። «እኔ ሥራ ፈት መስለኸኝ ነበር» አለች። ከዚያም ጥቂት ሄዳ ቆመች። «ሂድ አልልህም፥ ቅርም አልልህም። ብትሄድ ግን ሞቴን ከአርባዬ በፊት እንድትሰማ ሆነህ ሂድ» አለችው።

በማግሥቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን፥ እንደ ሙያችን በወረቀት አንድ ስምምነት ጻፍን። አንደኛ፥ የኬንያ ፈቃድ በእጁ ሳይገባ እንዳይሄድ፤ ሁለተኛ፥ የመመለሻው ገንዘብ ከእናቱ ዘንድ እንዲቀመጥ፤ ሦስተኛ፥ የሚያድርበትን ቤት፥ የጓደኛውንም የስልክ ቍጥር እኛ እንድናውቅ፤ አራተኛ፥ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እንዲደውል። ሁለቱም ፈረሙ፤ እኛም ምስክር ሆንን።

እነሆ ይህን በምንጽፍበት ጊዜ ልጁ ለፈቃዱ የሚበቃ ገቢ ገና ስላላሟላ በጎንደር ነው። ሌሊት ይሠራል፤ እናቱም ቀን ሲተኛ በሩን ዘግታ ጎረቤቱን «ዝም በሉ፥ ከሥራ መጥቶ ነው» ትላለች። የመመለሻው ገንዘብ እየተጠራቀመ ከሣጥኗ ተቀምጧል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ሥራዬን ይዤ ልሂድ ቢላችሁ፥ ከመከልከላችሁም ከመፍቀዳችሁም በፊት አንድ ሌሊት ከአጠገቡ ተቀምጣችሁ ሥራውን እዩለት። ወጣቶችም ሆይ፤ ባሕሩ ያማረ፥ ሰዓቱም የእኛው ቢሆን፥ የአገሩን ሕግ አንብቡ፤ የምትገኙበትንም ሳታስታውቁ አትሂዱ። እኛ ያን ባለማድረጋችን የእናታችንን መቃብር ያየነው ሣር በቅሎበት ነው።