ዘሩን ለብቻ አስቀምጡ (ሊኑክስ ለመጫን ላሰባችሁ)

ሰሞኑን የቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር እየላካችሁልኝ ነው። «ቲቸር፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አበቃ፤ ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ 11ን አይቀበልም። ኡቡንቱ ልጭን ስል ዲስኩን እንዴት ልከፋፍለው?» ለየአንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

ዋግ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ነገር ከቤቱ ያውቀዋል። የሚበላው እህል በአንድ ጎታ፣ ዘሩ በሌላ ጎታ ነው። ቀን ቢከፋም ዘሩ አይነካም። ዘሩ የተበላበት ቤት ዝናብ ቢመጣለትም የሚዘራው የለውም። የ1977ቱን ድርቅ ያዩ ወላጆቻችሁን ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

ዲስክም እንደዚያው ነው። ሲስተሙ የሚበላው እህል ነው፤ ቢበላሽ ከፍላሽ እንደገና ይጫናል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የተማሪ ሮስተር፣ በሕይወት የሌለ ሰው ፎቶ ግን ዘር ነው፤ ከየትም ዳውንሎድ አይደረግም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፑ አልነሳ ሲለው ጥገና ቤት ወሰደው። ሠሪው ፎርማት አድርጎ መለሰለት። ሁሉም ነገር ሲ ድራይቭ ውስጥ ስለነበር የሦስት ዓመት የተማሪ ውጤት አብሮ ሄደ። ያውም በሰኔ! ካርድ የሚጠብቅ ልጅና ወላጅ በር ላይ ቆሞ፣ እሱ ከወረቀት ላይ እንደ አዲስ ሲገለብጥ አደረ።

እንግዲህ 500 ጊጋባይት ዲስክና 4 ጊጋባይት ራም አላችሁ እንበል። (ዊንዶውስ 465 ገደማ ቢላችሁ አልተሰረቃችሁም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው 😄)

👉 ኢኤፍአይ፦ 1 ጊጋባይት። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው ነው። ዊንዶውስም አብሮ የሚኖር ከሆነ ያለውን ተጠቀሙ እንጂ ፎርማት እንዳታደርጉት።

👉 ሩት (/)፦ 50 ጊጋባይት። ሲስተሙና ፕሮግራሞቹ እዚህ ናቸው። አታጥብቡት፤ ከሞላ አፕዴት እንኳ አይሠራም፣ በኋላ ማስፋቱ ደግሞ ጣጣ አለው።

👉 ስዋፕ፦ 4 ጊጋባይት። ራም ሲሞላ የሚያግዝ ነው።

👉 ሆም፦ የቀረው በሙሉ። ዘሩ ይሄ ነው።

ስትጭኑ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ የሚጭነውን ምርጫ ትታችሁ በእጅ የሚከፋፈለውን ምረጡ። ከዓመት በኋላ ሲስተሙ ቢበላሽ ሩትን ብቻ ፎርማት አድርጉ፤ ሆምን ያው ሆም ብላችሁ መድቡት፣ ፎርማት የምትለዋን ሳጥን ግን ምልክት አታድርጉባት። ፋይላችሁ ሳይነካ ሲስተሙ አዲስ ይሆናል።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ያላችሁን ፋይል ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ፣ ባትሪውንም ሙሉ። እኛ ጋ መብራት ተሰናብቶ አይሄድም፤ ክፍፍል መሃል ላይ ከጠፋ ያለውም ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛ፣ መከፋፈል ባክአፕ አይደለም። ሁለቱም ጎታ ያለው አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ቤቱ ከተቃጠለ አብረው ይቃጠላሉ። ዲስኩ ራሱ ከሞተ ሆምም ሩትም የለም። ስለዚህ ከዘሩ ጥቂቱን ዘመድ ቤት አስቀምጡ፦ ፍላሽ ላይ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ የትም ይሁን ብቻ ሌላ ቦታ።

ያልገባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ማታ ኔትወርክ ሲኖር እመልሳለሁ። መምህራን ጓደኞቼ፣ ሰኔ ሳይደርስ አስቡበት።

ከኒሯቅ፣ ሰላም ሁኑልኝ 🙏