ከደብረ ዘይት መንገድ እስከ ቤታችን በር

ይህን የምንጽፈው ባልና ሚስት ሆነን አብረን ነው። በዚያ ምሽት መሪውን የያዘው ከሁለታችን ማን እንደነበር ግን አንነግራችሁም። ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ መኪና ውስጥ አጣልቶናል፤ ይበቃዋል።

ሐምሌ ነው። ከሥራ ወጥተን፣ ልጃችንንም ከአክስቷ ቤት ይዘን፣ ከስታዲየም ወደ ሳሪስ እየነዳን ነበር። ዝናቡ የመንገዱን መስመር እንኳ አያሳይም። በዚያ በኩል የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ፤ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሐዲዱ መንገዱን መሐል ለመሐል ከፍሎታል። ወደ ግራ መታጠፍ የፈለገ ሰው ባሰኘው ቦታ አይታጠፍም፤ መዞሪያው ካመለጠው እስከሚቀጥለው ድረስ መሄድ ነው። እኛም መዞሪያው ሊያመልጠን ሲል ነቃን። ፍሬቻ ሳናሳይ ከቀኝ ረድፍ ወደ ግራ ገባን።

ከኋላችን የነበረ ፒካፕ ፍሬኑን ሲረግጥና ጎማው ውሃው ላይ ሲንሸራተት በስፖኪዮ አየነው። ለጥቂት ተረፍን። ሰውየው ክላክሱን ሳያቋርጥ በቀኛችን አልፎ ፊታችን ላይ ቆመ፤ በሩን ከፍቶ በዚያ ዝናብ ወረደ። ዕድሜው ከእኛ ብዙም አይርቅም። የመኪናችንን ኮፈን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታው። የተናገረውን እዚህ አንጽፈውም፤ እናቶቻችንም አልቀሩለትም። የሰባት ዓመት ልጃችን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች።

እኛ አንድም ክፉ ቃል አልመለስንም። መስኮቱን እንደዘጋን እጃችንን አንስተን «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኛ ነው» አልን። ድምፃችን በመስታወቱ አልፎ ይድረሰው አይድረሰው እንጃ። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች በክላክስ ሲያጣድፉት ጥሎን ሄደ።

«ጌታ ይመስገን» ተባባልን። እውነቱን ለመናገር በራሳችን ደስ ብሎን ነበር። በዚያው ሳምንት በቤት ኅብረታችን ስለ ትዕግሥት ተምረናል፤ ፈተናው መጣ፣ አለፍነው። ለሚቀጥለው ሳምንት ምስክርነት ተገኘ ብለን በልባችን ሳናስብም አልቀረን።

ልጃችን «ሰውየው ለምን ተቆጣ? እኛ ነን ያጠፋነው?» ብላ ጠየቀች። «አሁን ዝም በይ» ተባለች። ከዚያ ስለ ፍሬቻው አንድ ቃል ተወረወረ። ከሥራ ስንወጣ ማን እንዳዘገየ የሚናገር ሌላ ቃል ተመለሰለት። መዝሙር ተከፍቶ ነበር፤ አንዳችን እጁን ሰድዶ አጠፋው። ሃያ ደቂቃ ያህል ማንም ማንንም ሳያናግር ነዳን።

የግቢያችን በር ላይ ደርሰን ክላክስ አደረግን። አልተከፈተም። ደገምን። ሦስተኛውን ጊዜ እጃችንን ሳናነሣ ተጫንነው። የግቢያችን ጥበቃ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። በሩን ሲከፍቱ የመኪናችን መስኮት ወረደ። ለባለ ፒካፑ ያልወረደው ያው መስኮት ለእርሳቸው ወረደ። «ተኝተው ነው እንዴ? ደመወዝ የሚከፈልዎት ለምን ይመስልዎታል?» የሚል ድምፅ ወጣ። እርሳቸው ላስቲክ ተከናንበው በዝናቡ ቆመው «ይቅርታ ልጆቼ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ምንም አያሰማ» አሉ።

እራት ቀረበ፤ አልተበላም። ልጃችን ከተኛች በኋላ ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር እንደሆነ ገባን። ለባለ ፒካፑ ያልመለስነውን ስድብ ሃያ ደቂቃ ተሸክመን አምጥተን፣ መልስ ሊሰጡን የማይችሉ ሽማግሌ ላይ አራግፈነዋል። አባባ በየወሩ በ21 ማርያምን ሳይሳለሙ የማይውሉ ሰው ናቸው። እኛ ደግሞ አምና አዲስ ኪዳን በስጦታ ሰጥተናቸው ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ያንን መጽሐፍ ሲያዩት ማን ትዝ እንደሚላቸው ማሰብ ከበደን።

በዚያ ሌሊት የከፈትነው 2ኛ ሳሙኤልን ነው። ንጉሥ ዳዊት ልጁ አቤሴሎም አምፆበት ከኢየሩሳሌም ሲሸሽ ባዶ እግሩን እያለቀሰ የደብረ ዘይትን ዐቀበት ወጣ። (የእኛው ደብረ ዘይት መንገድ ስሙን ያገኘው ከቢሾፍቱ የቀድሞ ስም ቢሆንም፣ በዚያ ሌሊት ቃሉን ስናየው ሁለታችንም ቀና ብለን ተያየን።) ተራራውን አልፎ ሲሄድ ሳሚ የሚባል ከሳኦል ወገን የሆነ ሰው ወጥቶ ይረግመው ጀመር። ታሪኩ በምዕራፍ 16 ላይ ነው። ሳሚ አንድ ጊዜ ተሳድቦ አልተመለሰም። በኮረብታው ጎን ለጎን እየተከተለ፣ ድንጋይ እየወረወረና አፈር እየበተነ አብሮ ሄደ። ዳዊት ብቻውን አልነበረም፤ ኃያላኑ በቀኝና በግራው ነበሩ። አቢሳ ልሻገርና አንገቱን ልቁረጠው ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ዳዊት ከለከለው። ምናልባት እግዚአብሔር መከራዬን አይቶ ስለዚህ እርግማን በጎ ይመልስልኝ ይሆናል አለና መንገዱን ቀጠለ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሲሰበክ ሰምተነዋል፤ ስብከቱም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። እኛ ግን በዚያ ሌሊት ገጹን ገለጥን። በምዕራፍ 19 ዳዊት ሲመለስ ሳሚ ዮርዳኖስ ድረስ ሮጦ እግሩ ላይ ወደቀ፤ ንጉሡም እንደማይገድለው ማለለት። ዓመታት አለፉ። ዳዊት በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ለሰሎሞን አደራ ሲሰጥ ከሚያነሣቸው ስሞች አንዱ የሳሚ ነው። በዚያ ቀን እንዴት እንደረገመው ይነግረውና ሽበቱን ከደም ጋር ወደ መቃብር እንዲያወርደው ያዝዘዋል (1ኛ ነገሥት 2፥8-9)። ይህ የግል ቂም ሳይሆን የመንግሥት ፍርድ ነው የሚሉ አስተማሪዎች አሉ። ይሆናል፤ አንከራከርም። እኛን ያስደነገጠን ያ መንገድ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ በንጉሡ ልብ ውስጥ አለማለቁ ነው። የዳዊት እንዲህ ከቆየ፣ የእኛ ሃያ ደቂቃ መቆየቱ ምን ይገርማል?

ስለ ጌታችን ጴጥሮስ የጻፈው ሌላ ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 2፥23 ሲሰድቡት መልሶ እንዳልተሳደበ ይነግረንና እዚያ አያበቃም፤ በጽድቅ ለሚፈርደው ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ ይጨምራል። እኛ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነበር የያዝነው። ስድቡን ዋጥነው፤ ለማንም አሳልፈን አልሰጠነውም። የተዋጠ ነገር ደግሞ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ዳዊትም በዚያ ቀን ደብረ ዘይትን አልፎ ሲሄድ ጉዳዩን ለእግዚአብሔር ሰጥቶት እንደነበር ከአነጋገሩ ያስታውቃል። በሞት አልጋው ላይ ስሙን ሲጠራ ግን መልሶ የወሰደው ይመስላል። ሰጥቶ መልሶ መውሰድን እኛም እናውቀዋለን።

የዮሴፍም ነገር ትዝ አለን። ወንድሞቹን በሠረገላ ስንቅ ጭኖ ወደ አባታቸው ሲሸኛቸው የመጨረሻ ቃሉ በመንገድ እንዳይጣሉ የሚል ነበር (ዘፍጥረት 45፥24)። ቀድሞ ስናነበው የሽኝት ምክር ብቻ ይመስለን ነበር። ግን አስቡት፤ እነዚያ ሰዎች ከግብፅ እስከ ከነዓን ስለ ምን ሊያወሩ ይችላሉ? «መሸጡን ማን አመጣው? ጉድጓዱንስ ማን አሳየ?» ዮሴፍ ይቅር ብሏቸዋል፤ እነርሱ ግን ጥፋተኛውን ለመለየት በመንገድ ላይ ሊበላሉ ይችላሉ። የእኛም የፍሬቻ ክርክር ያው ነው። ደግሞ በዕብራይስጡ ያ ቃል መንቀጥቀጥ፣ መናወጥ የሚል ስሜትም አለው። በዚያ ምሽት በራችን ላይ ስንደርስ መሪውን የያዙት እጆች ገና እየተንቀጠቀጡ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሻይና ትኩስ ዳቦ ይዘን ወደ አባባ ወረድን። ልጃችንንም ወሰድናት፤ ስድቡን ሰምታለችና ይቅርታውንም ትስማ ብለን። «አባባ፣ ትናንት አጥፍተናል። ባልተገባ ቃል ተናግረንዎታል፤ ይቅር ይበሉን» አልን። እርሳቸው መጀመሪያ ከተቀመጡበት ተነሡ፣ አፈሩም። «ኧረ እኔስ ረስቼዋለሁ» አሉ። አልረሱትም፤ ዓይናቸው ያስታውቃል። ከዚያ ሻዩን እየጠጡ ከዚህ በፊት ያልነገሩንን ነገሩን። በጉልምስናቸው የአሰብ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነበሩ።

«ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ አይታችሁታል? ያ ጠመዝማዛ! ከአሰብ ጭኖ የሚመጣው ዐቀበቱን ይወጣል። እኛ ከአዲስ አበባ ባዶውን እንወርዳለን። የጫነ መኪና ዐቀበት ላይ አንዴ ከቆመ መነሣቱ መከራ ነው። ስለዚህ ባዶው ዳር ይዞ ይቆምለታል። ሾፌሩ በመስኮት ቢሳደብም ይቆምለታል። ጭኗላ!» አሉና ሳቁ። ጥቂት ዝም ብለው «እናንተም ትናንት ጭናችሁ ነው የመጣችሁት። እኔ ዳር ያዝኩ» አሉ።

ባለ ፒካፑስ ምን ጭኖ ነበር? አናውቅም። ምናልባት ምንም አልጫነም፤ ለሞት ተቃርቦ የደነገጠ ሰው ብቻ ነው፣ ያስደነገጥነውም እኛ ነን። ስሙን ስለማናውቅ በጸሎታችን «ባለ ፒካፑ» እያልን ነው የምንጠራው። ልጃችን ለምዳዋለች፤ ከመኝታዋ በፊት ስለ አያቷ ጉልበት ከጸለየች በኋላ እርሱንም ታነሣለች። አንዳንዴ እኛ ረስተነው እርሷ ታስታውሰናለች።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ነገር ለውጠናል፤ ትልቅ ነገር አይደለም። ሩብ ሰዓት ቀድመን እንወጣለን፤ ከምንም ነገር በላይ የረዳን እንዲያውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሰው ሲቆጣ እጃችንን አንስተን ይቅርታ እንላለን፤ ጥፋቱ የእርሱ ቢሆንም መንገድ ላይ ፍርድ ቤት አንከፍትም። ከመኪናም አንወርድም። እዚህ ላይ በተለይ ለእህቶች አንድ ነገር እንበል፤ መታገሥ ማለት ራስን ለአደጋ ማጋለጥ አይደለም። የሚያስፈራ ሰው ሲመጣ በር ይቆለፍ፣ ሰው ወዳለበት ይነዳ፣ ትራፊክ ፖሊስ ይጠራ። መኪና የገጨብንም ሰው ቢሆን ሰሌዳውን መያዝና በሕግ መጠየቅ ከመንፈሳዊነት አያጎድልም፤ አሳልፎ መስጠት ሲባል ነገሩን ለሚገባው ዳኛ መተው ነውና።

ደግሞ ከግቢያችን በር ሃያ ሜትር ያህል ቀደም ብለን መኪናዋን ዳር አቁመን ሞተር እናጠፋለን። በመንገድ ላይ የሆነውን እዚያው በስሙ ጠርተን ለጌታ እንነግረዋለን፤ «የባጃጁ ልጅ እንዲህ አለን፣ ተናደናል፣ ይኸው ውሰደው» እያልን። ቃሉ ያማረ አይደለም። አንዳንድ ቀን አንድ ደቂቃ ይበቃናል። አንዳንድ ቀን አሥር ደቂቃ ተቀምጠንም ልባችን አልለቅ ይላል፤ ያን ጊዜ እንዳለ ይዘነው እንገባና «ዛሬ ከብዶናል» ብለን ለቤት እንናገራለን።

ባለፈው ማክሰኞ መገናኛ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት መስኮታችንን በጡጫ መትቶ ሄደ። ይህን ጊዜ ጥፋቱ የኛ አልነበረም፤ ስለዚህም ይመስለናል የባሰ ያንገበገበን። አንዳችን መስኮቱን አውርደን አንድ ሁለት ቃል መልሰናል፤ አንደብቃችሁም። ሰፈር ስንደርስ እንደ ልማዳችን ቆመን ሞተር አጠፋን። ልጃችን ከኋላ «ዛሬ ደግሞ ለማን ነው?» አለች። «ለረዳቱ» አልናት። «ለእናንተስ?» አለች።

ቆየት ብለን ቀና ስንል የግቢው በር ተከፍቷል። ክላክስ አላደረግንም ነበር። አባባ የመኪናችንን መብራት ከሩቅ ለይተው ከፍተውልናል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው፣ እስክንጨርስ ይጠብቁናል።